በብልቃጥ የሄደው ምራቅ

ፀደንያና የሻው የተዋወቁት በዱቄት ምክንያት ነው።

ፀደንያ የአባቷን ሙት ዓመት አውጥታ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ስትመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ከፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ነበር። ወፍጮ ቤት አለው፤ መለዋወጫ ሊገዛ በጥድፊያ ሲወጣ ልብሱን እንኳ አላራገፈም። ጎንደር ሲደርሱ የፀደንያ ጥቁር ቀሚስ አንድ ጎኑ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ይቅርታ እህቴ! የኀዘን ልብስሽን አበላሸሁት» አለ ደንግጦ።

«ግማሹን ነው» አለችው፤ ሳቀችም። አባቷ ካረፈ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ የየሻው ወፍጮ በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር፤ መለዋወጫው ደግሞ ጎንደር ካልሆነ አይገኝም። ወፍጮው እንኳ ደኅና ነበር። ፀደንያ ወለቃ ከእናቷ ጋር እየኖረች ልብስ ትሰፋለች፤ የሻውም የሚያሳጥረው ሱሪ አያጣም።

«የዚህ ልጅ ሱሪ ሁሉ ምነው እንዲህ ረዘመበት?» ይሉ ነበር እናቷ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ነገሩ ገብቷቸው።

ሁለቱ ተዋደዱ። በፋሲካ ማግስት ሽማግሌ እንዲልክም ተስማሙ።

በጥር ወር ሳሪት የምትባል እንግዳ ከእስራኤል መጣች። የሳሪት እናትና ወይዘሮ ትርንጎ ወለቃ ውስጥ አጥር ለአጥር ያደጉ ናቸው። ሳሪት ለፀደንያ ያመጣችላት ስጦታ ትንሽ ካርቶን ነበር፤ ውስጡ መስመር ያለበት ብልቃጥ ተቀምጧል።

«እዚህ ውስጥ ምራቅሽን ትተፊያለሽ፤ እኔ ይዤው እሄዳለሁ» አለች ሳሪት ቃል እየመረጠች። «ላብራቶሪው ዘርሽን ያነባል። የቱ ምግብ እንደሚስማማሽ፣ የቱ በሽታ እንደሚያሰጋሽ በስልክ ይነግርሻል።»

«ምራቅ ደግሞ ምን ያውቃል?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

ፀደንያ ግን ማወቅ ፈለገች። አባቷን የወሰደው ስኳር ነው። ስድስት ዓመት ያስታመመችው እሷ ናት፤ እግሩ ሲቆረጥም አብራው ነበረች። ቅዳሜ ማታ ብልቃጡን እስከ መስመሩ ሞላች። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ቆረበች፤ ስትመለስም ሳሪት ካርቶኑን ይዛ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ልትሄድ መኪና ቆሞላት ነበር። ተሳስመው ተለያዩ።

ውጤቱ የመጣው በዐቢይ ጾም እኩሌታ ነው። ወተት አይስማማም፤ ቡና በመጠኑ። ከታች ግን በቀይ ተጽፎ ነበር፤ ለስኳር ሕመም ተጋላጭነት፣ ከፍተኛ።

ፀደንያ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ለእናቷ ምንም አልነገረችም። የሻው በሳምንቱ ሲመጣ መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«ሽማግሌ እንዳትልክ» አለችው።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። አንተ ሸጋ ሰው ነህ፤ ሌላ ታገኛለህ።»

«ሌላ ሰው መጣ እንዴ?»

ፀደንያ ዝም አለች። እሱም ዝምታዋን እንደ አዎንታ ቆጠረው። ሱሪውንም ሳይወስድ ተመለሰ።

ፋሲካ አለፈ። ወይዘሮ ትርንጎ ልጃቸው ጾሙ ተፈትቶም ምግቡን ሁሉ በማንኪያ ስትለካ አይተው፣ ሌሊት ደግሞ ስታለቅስ ሰምተው አላስችል አላቸው። ስልክ አስደውለው የሻውን አስጠሩት። አኩርፎ የከረመ ሰው ነው፤ ግን በማግስቱ ደረሰ።

«ምን በድዬሽ ነው? እሱን ንገሪኝና ልሂድ» አላት።

ፀደንያ ስልኳን ከፍታ ሰጠችው። አንብቦ ቀና ሲል ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«አባቴን አላየኸውም። ሰው በቁሙ እንዴት እንደሚያልቅ እኔ አይቻለሁ። እወድሃለሁ የሻው፤ ስለምወድህ ነው እዚያ ውስጥ የማላስገባህ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ከበሩ ጠጋ አሉ። «ይኼ የዚያ የምራቁ ነገር ነው?»

«አዎ እማዬ።»

ወይዘሮ ትርንጎ መደብ ላይ ቁጭ አሉ። «ወየው ጉዴ! ያ ምራቅ እኮ የእኔ ነው!»

«ምን?»

«አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሳለሽ ጠረጴዛውን ስወለውል ብልቃጡ ወደቀ። ክዳኑ አልጠበቀም ኖሯል፣ ፈሰሰ። አንቺ ደግሞ ቆርበሽ ነው የምትመጪው፤ የቆረበ ሰው ምራቁን ይተፋል? ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስጦታ ባዶውን መመለሱም ነውር ሆነብኝ። ጓዳ ገብቼ እስከ መስመሩ ሞላሁት። ልጅ የእናቷ ቁራጭ አይደለችም? ያው አንድ ነው ብዬ።»

የሻው ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን አዞረ። ፀደንያ ግን አልሳቀችም። ቀዩ ጽሑፍ የእናቷ ከሆነ፣ የታመመችው እናቷ ልትሆን ነው።

በነጋታው ምግብ ሳይቀምሱ ሦስቱም ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ የወይዘሮ ትርንጎን ጣት ወጋ አድርጋ የደማቸውን ስኳር ለካች፤ ከፍ ብሏል።

«ገና ጅምር ነው፤ በጊዜ መጥተዋል» አለቻቸው። «ምግብዎን ያስተካክላሉ፣ በእግር ይሄዳሉ፣ መድኃኒት ይጀምራሉ።» የፀደንያንም ለካች፤ ደኅና ነበር። ስልኩንም አይታ፣ «ይኼ ስጋት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። አንቺም በየዓመቱ ተመርመሪ» አለቻት።

እናትየው ካርድ እስኪያወጡ ፀደንያና የሻው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከሊማሊሞ በኩል የመጣ የሚመስል ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል።

«ዛሬ ደኅና ነኝ» አለች ፀደንያ መሬት መሬት እያየች። «ግን በአባቴም መጣ፣ በእናቴም መጣ። ባሰ እንጂ አልቀለለም። አንድ ቀን ቢይዘኝስ?»

የሻው ወደ እሷ ጠጋ አለ። እጇን ያዘ፤ አላስለቀቀችውም።

«አባትሽን ስድስት ዓመት ስታስታምሚ ተቆጭተሽ ታውቂያለሽ?»

ፀደንያ አባቷን አስታወሰች። የቀረች እግሩን ስታጥብለት፣ «ከእንግዲህ ጫማ የምገዛው በግማሽ ዋጋ ነው» እያለ ያስቃት ነበር። ደክሟት ያውቃል፤ ተደብቃ ያለቀሰችበትም ቀን አለ። ምነው ከእሱ ርቄ በሆንኩ ብላ የተመኘችበት ቀን ግን የለም።

«አንድም ቀን» አለች።

«ታዲያ ለእኔ ምነው ነፈግሽኝ?»

ፀደንያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ እሱ ዞረች።

«ሽማግሌዎቹን ቅዳሜ ላካቸው» አለችው።