ሁለት ሰው የሚይዘው ልጅ

ኦገስት አምስት ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ኮርዴል ማክሊን በኮሌጁ ሳውና ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ያገኘው የቡድኑ የፊት መስመር ተከላካዮች አሰልጣኝ ዌንዴል ሃርጊስ ነው። ልጁ ቁምጣ ብቻ ለብሶ በጎኑ ወድቋል። በዚያ ወር ሚሲሲፒ ውስጥ ውጭውም ከሳውና አይሻልም፤ ሰው ሁሉ «ልቡ ነው» አለ።

የካውንቲው መርማሪ ሎሬታ ስታብስ ግን ተንበርክካ እጁንና እግሩን አየች። በእጅ አንጓዎቹና በቁርጭምጭሚቶቹ ዙሪያ ጠባብ ሰንበር ነበረ።

ኤሊስ ፕሩዊትም ከበሩ ሥር ቆሞ ሰንበሩን አየና ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ። ሥራው የጨዋታ ቪዲዮ እያየ ተጫዋቾቹን በቁጥር መመዘንና ደረጃ ማውጣት ነው። ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የሚያሳድስለትም ሃርጊስ ነው።

ሃርጊስ ለመርማሪዋ ጃሬት ኦክስን ጠቆማት፤ ሁለቱ ልጆች ለአንድ የፕሮፌሽናል ዕድል ይሻሙ ነበር አላት። ጃሬት ከኮርዴል ጎን ይሰለፋል፤ ባለፈው ዓመት የተጋጣሚን ኳስ ወርዋሪ በመጣል የሚስተካከለው አልነበረም። ሰንበሩን ስታሳየው ክብደት ለመቀነስ የሚለበስ የላስቲክ ላብ ማውጫ ልብስ የተወው መሆኑን ነገራት። ልብሱ ሰው ስለሚገድል በኮሌጁ የተከለከለ ነው።

«እንዲከሳ ትፈልግ ነበር?»

«እኔ? ዶሮ ጥብስ እየገዛሁ የማበላው እኔ ነኝ፣ እትዬ ሎሬታ። እሱ ከከሳ እኔ አለቀልኝ።»

ከሰዓት በኋላ በኤሊስ ክፍል የጨዋታ ቪዲዮ ስታይ ቆይታ ሃርጊስን፣ ጃሬትንና ኤሊስን እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ጃሬት ኳስ ወርዋሪውን በጣለ ቁጥር» አለች፣ «ኮርዴል መሃል ላይ ሁለት ሰው ይዟል። ቢከሳ አንድ ሰው ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ጃሬት ላይ ይመጣል። ስለዚህ ጃሬት አይደለም። ልብሱን ያወለቀው ‹ማን ሰጠው?› መባልን የፈራ ሰው ነው። ሬሳው ጋ ብቻውን የነበረው ደግሞ አሰልጣኙ ነው። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ ይህን የመሰለ ልጅ ክብደቱ እንደጎተተው ለምን አመነ?» ወደ ኤሊስ ዞረች። «ስንተኛ አደረግከው?»

ኤሊስ ሃርጊስን አየ። ሃርጊስ አላየውም።

«አንደኛ» አለ ኤሊስ። «ለልጁ የደረሰው ግን መጨረሻ የሚል ነው። ሁለት ሰው የያዘባቸውን ጨዋታዎች ኮች ከስሌቱ ሰረዛቸው።»

«መቼ አወቅክ?»

«ፌብሩዋሪ ላይ።»

«እና ዝም አልክ» አለው ጃሬት። ስድብ አልጨመረበትም። ኤሊስን ቢሰድበው ይሻለው ነበር፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ፣ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው።

ሃርጊስ አልካደም። ኮርዴል ወደ ፕሮፌሽናል እንዳይሄድበት ፈርቶ ቁጥሩን ዝቅ አደረገ። ልጁ «ምን ጎደለኝ?» ብሎ ሲጠይቀው ሌላ መልስ ስላልነበረው በክብደቱ አሳበበ። ልጁ ደግሞ ቃሉን አምኖ መክሳት ያዘ፤ ልብሱን ከመኪናው አውጥቶ የሰጠው፣ የሳውናውንም ቁልፍ የተወለት እሱ ነው።

«አንድ ዓመት ብቻ እንዲቆይልኝ ነበር» አለ። «እንደ ልጄ ነው የማየው እኮ።»



ሃርጊስ በዚያው ቀን ታሰረ። ኤሊስን ማንም አላባረረውም። በጃንዋሪ አዲሱ አሰልጣኝ ውሉን ለአንድ ዓመት አሳደሰለት፤ ኤሊስም ፈረመ።