ከፎቶው ሥር

«ያንተ ጽሑፍ ከፎቶው ሥር ስለሚገባ አይታይም» አለችው ባንቺዓለም። ልታመሰግነው ነበር አጀማመሯ።

ዲያቆን ሰይፈ ሥላሴ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። የገነተ ማርያምን አሮጌ ብራና ክረምቱን ሙሉ በኮምፒውተር የገለበጠው እሱ ነው። «ለማይታይ ነገር ነው እንዴ ዓይኔን ያጠፋሁት?» ማለቱን ከሥራ ባልደረባዋ ከእየሩስ ሰማች።

ባንቺዓለም ላሊበላ ውስጥ የብራና መጻሕፍትን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይር ፕሮግራም ትጽፋለች። እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ተደራራቢ ንጣፍ፣ ሌየር የሚሉት፣ አለው፤ ከላይ የብራናው ፎቶ፣ ከሥሩ ጽሑፉ። ይህን ለማስረዳት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። እሱ ፊት ስትቆም ግን ምላሷ ይተሳሰራል።

ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ዓርብ ዕለት እየሩስ ሌላ ወሬ ይዛ መጣች። ሰይፈ ሥላሴ ሊቀስስ ነው፤ ከዚያ በፊት ማግባት ስላለበት አባቱ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ እሁድ ሙጃ ከተማ ወዳለች ልጅ ቤት ሽማግሌ ይልካሉ።

«አንቺም ኮምፒውተርሽን አግቢያ» አለቻት።

በማግስቱ ባንቺዓለም ኮምፒውተሯን ይዛ ገነተ ማርያም ወረደች። አባትና ልጅ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። መሪጌታን እጅ ነስታ ገጹን ከፈተች። ሰም የተንጠባጠበበት ብራና ታየ። የፎቶውን ሌየር አጠፋችው።

በነጩ ገጽ ላይ የሰይፈ ሥላሴ ጽሑፍ ብቻ ቀረ፤ እያንዳንዱ መስመር በብራናው መስመር ልክ። ሰም የሸፈነውን ቃል በግምት አልሞላም ብሎ የተወው ክፍት ቦታ እንኳ አልተነካም።

«ፎቶው ለዓይን ነው» አለች። «ሰው አንድ ቃል ፈልጎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ያንተ ጽሑፍ ነው።»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተነሡ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዘገሙ።

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«ይገባሃል ብዬ።»

ሰይፈ ሥላሴ ክፍቱን ቦታ በጣቱ አሳያት። «እኔ ያላነበብኩትን በግምት አልሞላም፣ ባንቺ።»

ኮምፒውተሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ዓይኗን ከክዳኑ ላይ አላነሣችም።

«አባትህ ሙጃ ሽማግሌ አይላኩብኝ» አለች።

እሁድ ወደ ሙጃ የሄደ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ እነዚያው ሽማግሌዎች ላሊበላ፣ ከባንቺዓለም አባት ደጅ ቆሙ።