ከግድግዳው የወረደው ልጅ

ስለ ዛር፣ ስለ ጥላወጊ፣ ስለ ሙት መንፈስ የሚያወራኝ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ነው የምጠረጥረው፣ ሻጭ ስለሆንኩ ሻጭን አውቃለሁ። ይሄን የምነግርህም እንድታምን አይደለም፣ ማመኑ ያንተ ፋንታ ነው።

ወሎ ሰፈር ሱቅ አለኝ፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆችን ዕቃ ገዝቼ እሸጣለሁ። አንድ የፖላንድ ሰው ሲሄድ፣ በየራሳቸው እንጨት ላይ የተሳሉ የጥንት ነገሥታቱን ሸጠልኝ፣ ሁሉም የአንድ ቤት ዘር ናቸው፣ ከአባት ወደ ልጅ። መሐል ያለውን፣ ጢም ያላበቀለውን ልጅ በጣቱ ነክቶ፣ «አባቱ ሲሞት አገሩ ፈርሶ ነበር፣ ይሄ ከስደት ተመልሶ አቀናው፣ እሱ ባይኖር ዘሩ ያኔ ያልቅ፣ እኛም ጀርመን ሆነን እንቀር ነበር» አለኝ። ልጄ ሊያ እዚያው ፖላንድ አግብታ ወልዳለች፣ ገና አፉን የፈታው የልጅ ልጄ ያሬድ በስልክ «አያቴ!» እያለ ይጮህብኛል፣ እና ያማቾቼ ነገሥታት ናቸው ብዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው።

አንድ ከሰዓት ዝናብ እንዳባራ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ገባ። ጃንጥላ አልያዘም፣ ኮቱ ግን ደረቅ ነው። ያኔ ልብ አላልኩትም፣ እኔ ሰው ሲገባ የማየው እጁ ወደ ኪሱ መሄዱን ነው።

«ልጁን ስንት ትለዋለህ?» አለኝ፣ አማርኛው ከኔ የጠራ ነው።

«ጋሼ፣ እነዚህ ቤተሰብ ናቸው፣ ነጥዬ አልሸጥም።»

«ሌሎቹን ምን ላድርጋቸው? ልጁ ከወረደ ይበቃኛል።»

«እንግዲያው የሁሉንም ዋጋ ይክፈሉና ልጁን ይውሰዱ» አልኩት፣ ተስፋ ቆርጦ እንዲሄድልኝ ነበር። ሳይከራከር ከፈለ። ገዢ ሳይከራከር ከከፈለ ነጋዴ መደንገጥ አለበት፣ እኔ ደስ አለኝ።

ልጁን ይዞ እንደወጣ ከግድግዳው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ ቆርቆሮ ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ሲነካው እንደሚያሰማው፣ ሱቄ ግን ፎቅ ሥር ነው፣ ቆርቆሮ የለውም። ቀና ስል የልጁ አባትና አያት በቦታቸው አሉ፣ ከልጁ በኋላ የነበሩት ግን ቀለም ነክቷቸው የማያውቅ ባዶ እንጨት ሆነዋል። ሮጬ ወጣሁ፣ ሽማግሌው የለም፣ ደጁ ጭቃ ላይ የኔ ዱካ ብቻ ነው ያለው።

ሊያ ጋ ደወልኩ።

«ያሬድን እስቲ አቅርቢልኝ።»

«ያሬድ ማነው አባዬ?»

«አትቀልጂ፣ ልጅሽን ነዋ!»

ሳቀች። «ሳላገባ ከየት አምጥቼ ልውለድ? እማዬ ናት አይደል፣ “አግቢ በላት” ብላ የላከችህ?»

«ፖላንድ አይደለሽም እንዴ?»

«የት? ጀርመን ነኝ እንጂ! አባዬ፣ ደህና ነህ ግን?»

አራብሳ ቤቴ ስገባ፣ ለያሬድ በሰው ልልካት ከሾላ የገዛኋትን ትንሽ ጫማ ሚስቴ አስናቀች ይዛ ቆማለች።

«ይቺ የማን ናት? በስተርጅና ውጪ ወለድክ?»

«የሱቅ ዕቃ ናት» አልኳት፣ ሌላ ምን እላለሁ?

የሽማግሌው ገንዘብ ፎርጅድ አልነበረም፣ ባንክ ደስ ብሎት ተቀበለው። ባዶዎቹን እንጨቶች አላወረድኳቸውም፣ ጫማዋን ከሥራቸው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። ባለፈው አንዲት ሴት «ስንት ናት?» አለችኝ፣ «አትሸጥም» አልኳት፣ እመነኝ፣ ይሄ ቃል ከዚያ በፊት ከልቤ ወጥቶ አያውቅም።

ትናንት ዝናቡ እንዳባራ ግድግዳው ቀጭ አለ። እንጨቶቹን አየሁ፣ ባዶ ናቸው። ጫማዋን አነሳኋት፣ ከመደርደሪያው ወርዳ የማታውቀው ጫማ ሶሏ ላይ እርጥብ ጭቃ ነበረባት።