የፊተኛው ጭቃ ይበላል

«ግንዱን? ቅጠሉን ማለትሽ ነው?» አሉ እማማ ወርቅቱ፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ።

«ቅጠሉን አይደለም እማማ። ከኮባው ግንድ ላይ የሚላጠውን፣ ሰፊውን ቅርፊት።»

«ቅጠሉንማ ብትለምኚኝም አልሰጥሽም፤ የእንቁጣጣሽ ድፎ ይጋገርበታል። ቅርፊቱን ግን ምን ልታደርጊው?»

ሩታ ዝናቡ ውስጥ ቆማ አመነታች። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ «ልሸራተትበት ነው» ስትል ለራሷም ይቀፋታል። ጓደኛዋ ሄመን ትናንት ስትሰማ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ቪዲዮ ቀርጾ ሙድ ይይዝብሻል!» ብላ በሳቅ ፈርሳባታለች።

«ከአባዬ ጋር ሸርተቴ ልንጫወት ነው» አለች በመጨረሻ።

እማማ ወርቅቱ ቀና ብለው ወደ ጎረቤቶቻቸው ወደ እነሩታ በር ተመለከቱ። አባቷ ሙሴ እንደ ወትሮው ደፉ ላይ ዱካ አስጠግቶ ዝናቡን ያያል። አሮጊቷ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ረጅም ቅርፊት መርጠው ላጡላት።

«ገለቶማ፣ እማማ! እግዜር ይስጥልኝ።»

«ሂጂ፣ ሂጂ። እሱ ብቻ ይሳቅልሽ።»

ሙሴ ግንበኛ ነው። በጋውን ሁሉ ልጁ ሳትነቃ ወጥቶ ከተኛች በኋላ ስለሚገባ፣ ሩታ አባቷን የምታገኘው ዝናብ ግንባታውን ሲያስቆም ነበር። ሰው ሁሉ ክረምቱ መቼ በወጣ ሲል እሷ መቼ በገባ ትል ነበር። ከቤታቸው ጀርባ ባለው የፉሪ ዳገት ላይ ይወስዳትና፣ እሱ ሀዲያ ውስጥ ልጅ ሳለ በእንሰት ቅርፊት እንደሚያደርገው በኮባ ይንሸራተታሉ። ጨዋታው ሕግ ነበረው። ከፊት የተቀመጠው በተረከዙ ይነዳል፣ ፍሬንም ይይዛል፤ የኋለኛው ሥራ አጥብቆ መያዝና መጮኽ ብቻ ነው። «የፊተኛው ጭቃ ይበላል» እያለ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጠው እሱ ነበር። የእርጥብ ሹራቡ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዋ ላይ አለ። ስድስተኛ ክፍል ስትገባ ግን እሷው አፈረችና ጨዋታው ቀረ። አሁን ያ ያንገበግባታል።

ባለፈው ኅዳር ሙሴ ከሁለተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወደቀ፤ እግሩ ተሰበረ። ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል ካለ ሦስት ወር አልፎታል፤ ልቡ ግን አልገጠመም። ሁለት ደረጃ ለመውጣት እንኳ ግድግዳ ይይዛል። የሚያሠሩት ኦቦ ደገፋ «ለመስከረም እጠብቅሃለሁ» ሊሉት ደጋግመው ደወሉ፤ አላነሳም። ሀገር ቤት ገብቶ ከወንድሙ ጋር ሊያርስ ቆርጧል። እናቷ ደመቀች የፋብሪካ ሥራዋን፣ ሩታም ትምህርቷን ትተው ሊከተሉት አይችሉም። ሻንጣው ከበሩ ሥር ተቀምጧል፤ ነገ ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ፣ የሆሳዕና አውቶቡስ ይሳፈራል። «በየበዓሉ እመጣለሁ» ብሏታል። ሩታን ግን ገና ሳይሄድ ናፍቋታል።

«አባዬ፣ ተነስ» አለች፣ ቅርፊቱን እግሩ ሥር ጥላ።

ሙሴ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ጥሩ ነው፣ ወፍራም ነው» አለ፤ ወዲያው ግን እጁን ሰበሰበ። «ሰው ምን ይላል ሩቲዬ?»

«በዚህ ዝናብ ማን ያየናል?»

«እግሬስ?»

«ሐኪሙ ኳስ ተጫወት ነው ያለህ እኮ!»

«ነገ መንገደኛ ነኝ፣ ልጄ…»

«ነገ ስለምትሄድ ነው» አለች።

ሙሴ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በሩን ይዞ ተነሳ።

ዳገቱ እንደ ድሮው ሰፊ አልነበረም፤ ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀረው ሣር ላይ ውኃው እየተንኳለለ ይወርዳል። ሙሴ እንደ ልማዱ ከፊት ተቀመጠ፣ ሩታም ከኋላ ወገቡን ያዘች። ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ተከለ፤ ከዚያ ግን አልነቀለውም።

«ልቀቀው እንጂ አባዬ!»

«አልችልም» አለ ቁልቁል እያየ። «እግሬ እሺ አይለኝም።» ተንፏቆ ከቅርፊቱ ወርዶ ፊቱን አዞረ።

«ግድ የለም፣ እንመለስ» ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶም ነበር። ከተመለሱ ግን ዛሬም ነገም አለቀ። ሩታ ወደ ፊት ተጠግታ ተቀመጠች።

«ና፣ አንተ ከኋላ ሁን።»

«አንቺ ነድተሽ አታውቂም።»

«አንተ ስትነዳ ስንት ክረምት አይቻለሁ።»

«የፊተኛው ጭቃ ይበላል እኮ።»

«ዘንድሮ እኔ ልብላ።»

ሙሴ ተመልሶ ከኋላዋ ተቀመጠ። ከዚያ ትልልቆቹ እጆቹ ወገቧን ሲጨብጡ ተሰማት፤ አጨባበጡ ያማል። ሳያስብበት ተረከዞቿን ነቀለች።

ሙሴ ጮኸ። መጀመሪያ እንደሚወድቅ ሰው ነበር የጮኸው። አጋማሽ ላይ ግን ጩኸቱ ተለወጠ። ልትዞር ስትል ጭቃው አፏን ሞላው፣ ቅርፊቱ ሜዳው ላይ ዞሮ ገለበጣቸው፣ ያኔም አባቷ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዝናቡ ፊቱ ላይ እየወረደ፣ እንባው እስኪመጣ ሲስቅ አየችው።

«በላሽው አይደል?» አለ ፊቷን በእጅጌው እየጠረገ።

«አባዬ፣ አትሂድብን» አለች። ሳምንቱን ሙሉ ውጣው የከረመችው ቃል ነበር።

ሙሴ ተነሳ። ቅርፊቱን እንደ ጣውላ ትከሻው ላይ ጣለና ዳገቱን መውጣት ጀመረ። እሷ ከኋላው ተከተለች። የሚይዘው ግድግዳ አልነበረም፤ አንዴ አዳለጠው፣ ቆመ፣ እንደገና ወጣ።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ቅርፊቱን ገልብጦ አየው።

«ተሰንጥቋል» አለ። «ለዛሬ ያገለግለናል። ለነገ ግን ከእማማ ወርቅቱ ሌላ መለመን አለብን።»

ነገ ሰኞ ነው፤ የአውቶቡሱ ቀን። ሩታ ልታስታውሰው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አባቷ ቅርፊቱን መልሶ አንጥፎ፣ ከኋላ ተቀምጦ የፊቱን ቦታ ትቶላት ነበር። ሄዳ ተቀመጠችና ተረከዞቿን ጭቃው ውስጥ ተከለች።

«አጥብቀህ ያዝ» አለችው።