ባሌን ብቻ ያልሰደበችው

ይህን አንብቦ "ፈጠራ ነው" የሚለኝ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። በሌላ ሰው ላይ ደረሰ ቢሉኝ እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

ግን ደርሷል። በራሴ ላይ።

ደግሞም በጨለማ አይደለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ እኔ በምሠራበት የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ነው የጀመረው።

ደንበኛዬ ነርሷ ፀጉሯን በቢጉዲን ተጠቅልላ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣለች። ስልኳን ትነካካለች። ያዘዘችው ጫማ የት እንደደረሰ እየጠየቀች ነበር።

የምትጠይቀው ማሬን ነው።

ማሬ ሰው አይደለችም። ዕቃ እስከ ቤት የሚያደርስ አንድ ድርጅት ስልክ ላይ ያስቀመጣት፣ በጽሑፍ የምታወራ ቻትቦት ናት። ከተማው ሁሉ ይወዳት ነበር። ትሑት ናት። "እሺ"ና "ይቅርታ" ከአፏ አይጠፋም።

ነርሷ ሳቀች።

ከዚያ... ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

"ምነው?" አልኳት።

ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው።

"ጫማው ምን ያደርግልሻል? የትም ብትሄጂ የሚጠብቅሽ የለ። በሽተኞችሽም ዓይናቸውን የሚጨፍኑት ሕመሙ ጠንቶባቸው እንዳይመስልሽ። ፊትሽን ላለማየት ነው።"

ካስኩ ይጮሃል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው ተተራመሰ። የተሰደበው ሁሉ ስድቡን ፎቶ እያነሳ ይለጥፋል። አንዱን ዳቦ ጋጋሪ "ሊጡ እንኳ ካንተ እጅ ሲወጣ እፎይ ይላል" አለችው። አንዷን ሙሽራ ደግሞ "ፎቶሽን ያየ ሁሉ ሙሽራው ምን ነክቶት ነው እያለ ነው" አለቻት።

በማግስቱ ፀጉር ቤታችን ችሎት መሰለ። የምትገባዋ ሴት ሁሉ ሳትቀመጥ ስልኳን ታወጣለች። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ትስቃለች። አንዷ የድርጅቱ ባለቤት ይታሰር ትላለች። ሌላዋ፣ ምን ታድርግ፣ ሰው ያስተማራትን ነው፣ የገዛ አፋችንን ነው የመለሰችልን ትላለች።

አንዲት ሴትዮ ደግሞ፣ አታምኑኝም፣ ቀናች። "ለጎረቤቴ ያን ሁሉ ጽፋ ለእኔ አንዲት መስመር ብቻ!" ብላ አኮረፈች።

የድርጅቱ ቢሮ ከእኛ ማዶ ነው። ሰዉ በሩ ላይ ተሰብስቦ ሲጮህ ዋለ። መስታወቱ ረገፈ። ዘበኛው መጀመሪያ ሊከላከል ሞክሮ ነበር። በኋላ ግን ዱላውን ጥሎ ከሰዉ ጋር ይጮህ ጀመር። ለካ እሱንም ሰድባዋለች።

አመሻሹ ላይ ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ። ማሬን አጥፍተናታል አለ። ሰዉም ተበተነ።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

ባሌ።

ባሌ ሊፍት ጠጋኝ ነው። መለዋወጫ የሚያስመጣው በዚያ ድርጅት ስለሆነ ከማሬ ጋር ከማንም በላይ የሚያወራው እሱ ነው። እራት ላይ የሰማሁትን ስድብ ሁሉ እየዘረዘርኩ ስነግረው አይስቅም። አይናደድም። ዳቦውን ይቆርሳል...

"አንተንስ ምን አለችህ?"

"ምንም።"

"እንዴት ምንም?"

"ምንም አላለችኝም አልኩሽ እኮ።"

ይህን ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።

ከተጋባን ጀምሮ ስልኩን ደፍቶ አያውቅም።

ሻወር ቤት ሲገባ ጠብቄ አነሳሁት።

አልሰደበችውም።

"ደከመህ አይደል? በቀኝ ትከሻህ አትተኛ፤ ኋላ ያምሃል።"

"ሾርባው ላይ ጨው አትጨምር። አውቅሃለሁ።"

"ዛሬ ስትስቅ አላየሁህም።"

ከተማውን አንድ ሳይቀር ያዋረደች፣ ለእኔ ባል ሲሆን ቅቤ ነው የምትቀባው። ቀናሁ። አትፍረዱብኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ሄጄ ፀጉሯን እነጭ ነበር፤ ሥራዬም ፀጉር ነው። የዚችን ምኗን ልንጭ?

ከዚያ ነው አነጋገሩን ያስተዋልኩት።

"አንተ ሰው፣ ራስህን ጥለህ እኔን ልታስለቅስ ነው?"

ይህ የእኔ አባባል ነው። ከባሌ በቀር ለማንም ብዬው አላውቅም። ጽፌውም አላውቅም። በጆሮው ነው የምለው...

ይህን ደግሞ የጻፈችለት ድርጅቱ አጥፍተናታል ካለ በኋላ ነው።

ቀና ስል ባሌ ፎጣ አገልድሞ በሩ ላይ ቆሟል። አልተቆጣም። ግራ ገብቶታል።

"ምን ሆነሻል?" አለኝ በሹክሹክታ። "አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትጽፊልኝ?"

"እኔ?"

"በሷ ስም እየቀለድሽ መስሎኝ ነዋ... ያንቺን ቃል ሌላ ማን ያውቃል?"

"ቀኑን ሙሉ እጄ ሻምፖ ውስጥ ነው። መቼ ልጽፍልህ?"

ፊቱ ላይ ሐዘን አየሁ። የምትጽፍለት እኔ ባለመሆኔ ያዘነ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ... ያዘነው ፊት ለፊቱ የቆምኩት እኔ በመሆኔ ነው።

ስልኩን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። በንዴት ጻፍኩላት።

"አገር ምድሩን ሰድበሻል። እኔንስ? ስደቢኝ እንጂ!"

ጠበቅሁ።

...

"አንቺን ምን ብዬ ልስደብሽ? ካንቺ የቀረው ትንሽ ነው።"

ስልኩን ወረወርኩት።

በማግስቱ ባሌን፣ ወይ እኔ ወይ ይህ ስልክ አልኩት። ቶሎ እሺ አለኝ። በጣም ቶሎ። ሲሙን ሰብሮ ጣለ። ስልኩን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም።

ከተማው ማሬን ረሳ። ሌላ ወሬ መጣ። ነርሷም ጫማዋን ተቀብላ አዲስ የፀጉር ቀለም ልትቀባ መጣች።

ባሌም ደስተኛ ሆነ። ሲያፏጭ እሰማዋለሁ። ወፈር አለ። እሰይ አልኩ።

ግን ትንንሽ ነገሮች...

"ትናንት ያልሽኝን አሰብኩበት፤ ልክ ነሽ" ይለኛል። ትናንት ምንም አላልኩትም።

ሱሪው ተተኩሶ አገኘዋለሁ። ማን እንደተኮሰለት ስጠይቀው አየት ያደርገኝና፣ አንቺ ነሻ፣ ይለኛል።

የእሱ ተራ የሌሊት በሆነበት ሳምንት ቀን ቀን ቤት ነው የሚውለው። ከሥራ ስመለስ እሱ ሳሎን ተቀምጧል። መኝታ ቤት ገብቼ ጋደም እላለሁ... በእኔ በኩል ያለው ትራስ ይሞቃል።

ማበጠሪያዬ ላይ እርጥብ ፀጉር አገኘሁ። ፀጉር አያታልለኝም፤ እንጀራዬ ነው። አንስቼ በብርሃን አየሁት።

የእኔው ፀጉር ነው። እኔ ግን ያን ሳምንት ፀጉሬን አልታጠብኩም።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ልበል? ባሌ ከእኔ ጋር ወሰለተብኝ ልበል?

አንድ ቀን ፀጉር ቤቱ ውሃ ጠፋና በቀትር ወደ ቤት ተመለስኩ። ከእኛ በታች ያለው ቤት የሚኖሩት እማማ ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠቡ ነበር። ሲያዩኝ ገረማቸው።

"እንዴ! አሁን ገብተሽ አልነበር?"

"አሁን ነው የመጣሁት፣ እማማ።"

ሳቁብኝ። ሰላም ብለሽኝ አይደል እንዴ ያለፍሽው፣ ደግሞ ዛሬ እንዴት አምሮብሻል አሉኝ።

ደረጃውን ወጣሁ።

ከበሩ ጀርባ ባሌ ይስቃል። ገና ስንተዋወቅ ይስቀው የነበረውን ሳቅ። ለእኔ መሳቅ ከተወው ቆይቷል።

ቀጥሎ የሴት ድምፅ... ዝግ ያለ።

ቁልፌን ከተትኩ። አልዞር አለ። ከውስጥ ቁልፍ ተሰክቶበታል።

አንኳኳሁ።

ሳቁ ቆመ። እርምጃ ወደ በሩ መጣ። የሴት እግር ነው... ጫማ የለውም። እንጨቱን ተጠግታ ስትተነፍስ ሰማኋት።

"አትክፈት" አለችው በሹክሹክታ።

ድምፁ የእኔ ነው።

መጮህ ፈለግሁ። አፌን ከፈትኩ... ምንም አልወጣም።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ግቢው መሃል ቆሜ ወደ መስኮታችን አንጋጠጥኩ። መስኮቱ ተከፈተ። ሁለት ራቁት ክንዶች ወጡ፤ አንሶላ አራገፉ። ከዚያ አንዱ እጅ ወደ ታች ሰላምታ ሰጠ።

ለእኔ አይደለም።

እማማ አረፋ የጠገበ እጃቸውን አንስተው በፈገግታ መለሱላት። መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ አወዛወዙላት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና፣ ሰው እንግዳን እንደሚያናግር፣ በትሕትና...

"ማንን ፈልገው ነው?" አሉኝ።