ሦስት እጥፍ የጎነበሰው ዘንግ

ክቡራን እንግዶች ስለሚጎበኙን፣ በአዳማው የብረታ ብረት ምርምር ማዕከል የሚገኝ ማንኛውም ብረት፣ ዓይነቱና ዕድሜው ሳይለይ፣ አመድማ ቀለም እንዲቀባ ተወስኗል። ውሳኔው ማኅተም ተመትቶበት በሩ ላይ ተለጠፈ። የመስኮቱ ፍርግርግ ተቀባ፣ የቆሻሻ መጣያው ተቀባ፣ ለሙከራ የተቀመጡት ዘንጎችም ወንድማማች እስኪመስሉ ተቀቡ። በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ከአንዱ ዘንግ ስር ሞተው ተገኙ። እንግዶቹም ጉብኝቱን ሰረዙ።

ኢንስፔክተር ሻሼ ቀልቤሳ ሬሳውን አይታ ምንም አልተሰማትም። ከሞጆ እስከ መተሐራ ባለው አስፋልት ላይ ስንቱን ስታነሳ ኖራ ልቧ ከደነዘዘ ቆይቷል። ዓይኗ ግን ይሠራል። ዘንጉ አንድ ጫፉን ግድግዳው ላይ የተተከለ ሞርሳ፣ ብረት አጥብቆ የሚይዘው መንከሻ፣ ነክሶት፣ ሌላው ጫፉ ወደ ፊት ተዘርግቶ አየር ላይ ቀጥ ብሏል። ተንጠልጥሎበት የነበረው ከባድ ክብ ብረት ከሟቹ ራስ አጠገብ ወድቋል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ዶክተር ወዬሳ፣ የሟቹ የምርምር ባልደረባ። ቀድሞ ደርሶ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። «ጂብሪል ዘንጉን እሳት ላይ አግሎ ዘይት ውስጥ ነክሮ ማጠንከር ነበረበት። አላደረገም። ያልጠነከረ ብረት ይጎነብሳል። ሲጎነብስ ሸክሙ ተንሸራቶ ወደቀባቸው። ከዚያ ዘንጉ ተመልሶ ቀና አለ።»

የወርክሾፑ ኃላፊ ጂብሪል እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል።

«ጋሽ ጂብሪል፣ አጠንክረውታል?»

«አላጠነከርኩትም። መብራት ሄዶ ምድጃው ሳይግል ቀረ። ለቀለሙ ይድረስ ተባልኩ፣ ቀባሁት። ወላሂ፣ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። የት ልፈርም?»

«አይቸኩሉ። ለመታሰር ወረፋ የለም።»

የሟቹ ረዳት ሌንሳ በጎን ካለው ክፍል ሆና፣ እሳቸው ጮክ ብለው የሚነግሯትን ልኬት ትመዘግብ ነበር።

«መጨረሻ ላይ ምን አሉሽ?»

«‹ሌንሳ፣ ከትናንቱ ሦስት እጥፍ ጎነበሰ› አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር። ጎንበስ ብዬ ልየው አሉ፣ ከዚያ ጓ አለ። ሮጬ ስደርስ ዶክተር ወዬሳ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር፤ አምቡላንስ ጥሪ ብሎ ከበሩ መለሰኝ።»

«ምኑ ነው ደስ የሚለው?»

«በዘንጉ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየላኩ ግትርነቱ፣ አልጎነብስ ባይነቱ ማለት ነው፣ ይለወጥ እንደሆነ ይለኩ ነበር። ዶክተር ወዬሳ በጣም ይለወጣል ብሎ ጽፎ ስም አግኝቶበታል። እሳቸው ትናንት ሲለኩ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አጡ። ይህንኑ ለእንግዶቹ ሊያሳዩ ነበር። ዛሬ ለውጡን በዓይናቸው ሲያዩ ግን፣ የተሳሳቱት እሳቸው ቢመስላቸውም ደስ አላቸው።»

«አንድ የሞኝ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ያልጠነከረ ብረት ይበልጥ ይጎነብሳል?»

ሌንሳ መሬት መሬት አየች። «እኔም ፈተና ላይ እንደዚያ ብዬ ጽፌ ነበር። ዶክተር ወዬሳ ዜሮ ሰጠኝ። ክፍል ውስጥ አንብቦም አሳቀብኝ።»

«መልሱስ?»

«አተሞቹ የውጭ ኤሌክትሮኖቻቸውን ያዋጣሉ። እንደ እድር ድንኳን ነው፤ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው፣ ሁሉንም አያይዞ ያቆማል። ሲጫኑት እምቢ የሚልዎት ያ ትስስር ነው። አግሎ መንከር ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ማዘዋወር ነው። ተጣሞ እንዳይቀር ይረዳዋል እንጂ ግትርነቱን እምብዛም አይነካውም። ሦስት እጥፍ እንዲጎነብስ ድንኳኑ ራሱ መለወጥ አለበት።»

«ዘንጉ ከሌላ ነገር የተሠራ መሆን አለበት ማለት ነው።»

«አዎ።»

ከሰዓት በኋላ ሻሼ ሦስቱንም ሰበሰበች። ያንኑ ሸክም ሞርሳው ላይ ባለው ዘንግ አንጠለጠለች፣ ከስሩ ግን ማንም አልቆመም። ሌንሳ ልኬቱን አነበበች።

«ልክ የትናንቱን ያህል ነው።»

«እንግዲህ ዶክተሩ ዛሬ ጠዋት ያዩት ይህን ዘንግ አይደለም። ጋሽ ጂብሪል፣ እስቲ ግድግዳው ጋ የቆሙትን አንድ በአንድ ያንሱልኝ።»

ጂብሪል ሦስቱን እያቃሰተ አነሳ። አራተኛውን ሲያነሳ ዘንጉ እንደ ሸንበቆ ቀልሎት እጁ ሽቅብ ሄደ።

«አሉሚኒየም ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጫፉንም ሞርሳ ነክሶታል። ቀለሙ ተልጧል።»

«ጋሽ ጂብሪል ቢለውጡት ኖሮ፣ አላጠነከርኩም ብለው በገዛ አንገታቸው ገመድ አያስገቡም። ሌንሳ ብትለውጠው፣ ከሷ በቀር ማንም ያልሰማውን ‹ሦስት እጥፍ› አትነግረኝም። የቀረው፣ ማለዳ አሉሚኒየሙን የተከለ፣ ሸክሙ ሲወድቅም ቀድሞ ደርሶ ብረቱን የመለሰ ሰው ነው።» ወደ ወዬሳ ዞረች። «ዶክተር፣ ለተማሪዎ ዜሮ የሰጡበትን መልስ ለእኔ እንደ እውነት ሰጡኝ። ተሳስተው አይደለም፤ ፖሊስ ናት፣ ይህን አታውቅም ብለው ነው። እርግጥ አላውቅም ነበር። ዛሬ ነው የተማርኩት።»

ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ።

«ታዲያ እኔ አልገደልኳቸውም?» አለ ጂብሪል።

«አልገደሉም።»

ጂብሪል መዳፎቹን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ገልብጦ አያቸው። አልሳቀም፣ አላለቀሰም።

«አንድ ነገር ቀረኝ፣ ዶክተር» አለች ሻሼ። «ዘንጉን የለወጡት ልኬቱ የእርስዎን ጽሑፍ እንዲደግፍ ብቻ ነው? ወይስ ሸክሙ እንደሚወድቅባቸው ያውቁ ነበር? ለዳኛው ልዩነት አለው። ለሟቹ ባለቤትም።»

«አላብራራም።»

«ለራስዎ ይጠቅምዎታል።»

«አላብራራም አልኩ።»