ቀኑ ያለፈበት አረንጓዴ ከረጢት

ጠዋት ሻይ ቤት ውስጥ ፔይሹዋን ማስረጃ የያዘውን ፍላሽ ከሻይ ብርጭቆዋ ስር ሸጎጠችና ወደ ሰውየው ገፋችው። ከስለላው ቢሮ የሚያዛት፣ «ሽማግሌው» የሚባለው ሰው ነው።

«ሁሉም አለ?»

«አለ። የፋብሪካው ፕሮሰሰር መደበኛውን የፍጥነት ፈተና በስሙ ይለየዋል። ያ ፈተና ሲመጣ ብቻ ይጋልባል። የፈተናውን ስም ቀይሬ ስለካው የፍጥነቱን ግማሽ እንኳ አልደረሰም።»

«ጎበዝ።» ተነስቶ ሄደ።

ከፋብሪካው ሊገዛ የተዋዋለው የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ስንት ሰርቨር እንደሚበቃው ሊወስን ያለው በዚያ የውሸት ውጤት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ በመጣ ቀን ስልኩ ይዘጋል። ሰው እየጮኸ ይሞታል።

ከምሳ በፊት የፋብሪካው ዳይሬክተር ጂያን ፔይሹዋን የምትሠራበትን የሙከራ ክፍል በር በርግዶ ገባ። በእጁ ፍላሽ ይዟል።

የእሷን ፍላሽ።

ሽማግሌው ፍላሹን ለጂያን ሸጦለታል። ስሟን ግን ገና አልሸጠም፤ ለብቻው ሊቸበችበው ነው፣ ስግብግብ!

«ከመካከላችሁ ሌባ አለ!» ጂያን ጮኸ። «በሩን ዝጉ፣ ፈትሹ!»

ሌባ ይላል ደግሞ፣ ዓይን አውጣ።

ጥበቃዎቹ ቦርሳ ገለበጡ፣ ጫማ አስወለቁ። ታላቋ ቴክኒሻን ጄንሜይ ፔይሹዋንን በክርኗ ነካ አደረገቻት። «ምን ያስፈራሻል አንቺ? እኛ ምን ሰርቀናል?»

«ምንም፣ እታለም።»

የማስረጃው ሁለተኛ ፍላሽ ግን ዓይናቸው ስር ነው። ለጥሪ ማዕከሉ በናሙናነት በሚላከው ሰርቨር ላይ፣ ማሽኑ እንዳያምፅ ተብሎ በአገሩ ልማድ በሚቀመጠው አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት ውስጥ።

አንዱ ጥበቃ እጁን ሰደደ።



«ተው!» ጂያን አንባረቀ። «ማሽኔን ልታስረግም ነው? ዛሬ ቢበላሽ አልምርህም!»

ይኸው ነው እንግዲህ ሊቁ። ፈተና ያጭበረብራል፣ ብስኩት ይፈራል። ገልበጥ አድርጎ ቢያየው ኖሮ ቀኑ እንዳለፈ ባወቀ። ፔይሹዋን ሆን ብላ ነው ያስቀመጠችው። የማዕከሉ መሐንዲሶች ማሽን ሲረከቡ መጀመሪያ የሚያዩት የከረጢቱን ቀን ነው፤ ያለፈበትን ገደ ቢስ ነው ብለው ያነሱታል። ሲያነሱት ውስጡ ያለው ፍላሽ ይንኮሻኮሻል።

ጂያን ሰርቨሩን ከነከረጢቱ ራሱ ጭኖ ላከው።

ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ጂያን አመድ መሰለ። መሐንዲሶቹ ከከረጢቱ ፍላሽ አግኝተው የፈተናውን ስም ቀይረው ለክተዋል። ውሉ ፈርሷል።

«ያንን ቀኑ ያለፈበት ከረጢት ማነው የገዛው?»

«እኔ ነኝ፣ አለቃ» አለች ጄንሜይ። «ሁልጊዜም እኔ ነኝ። ግን የኔ ቀኑ አላለፈም ነበር!»

ክንዷን ጨምድደው ያዟት። ወደ ፔይሹዋን ዞረች። «ንገሪያቸው እንጂ አንቺ! አብረን አይደል ያስቀመጥነው?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ማስረጃውን ሰላይ እንዳስቀመጠችው ከታወቀ ጂያን «ሴራ ነው» ብሎ ውሉን ያስመልሳል።

ፔይሹዋን ወደ ሥራዋ ዞረች።

ቀኑን ሙሉ ጂያንን ስትንቅ፣ ሽማግሌውን ስትንቅ ውላለች። አሁን ራሷን ናቀች፤ ከሁለቱም አብልጣ።

ጂያን ተባረረ። ሽማግሌውም ስሟን የሚገዛው አጣ። ጄንሜይ ግን ምስጢር በማውጣት ተፈርዶባት እስር ቤት ናት።

ካኦሹንግ ከተማ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ለፔይሹዋን ሌላ ስም። አንዲት ባልደረባ አረንጓዴ ከረጢት አቀበለቻት።

«አዲሷ፣ ቀኑን እይና አስቀምጪልኝ።»

አየችው። ገና ብዙ ይቀረዋል።

«ምነው? አለፈበት እንዴ?»

«የለም፣ እታለም» አለች፤ ጄንሜይን የምትጠራበት ቃል መሆኑ የገባት ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። ከረጢቱን ማሽኑ ላይ አስቀመጠችና ቀኑን ደግማ አየችው።